የግራዝማች ራሰ በራ ኮረብታ

ግራዝማች እንግዳሸት ባሏ ለሞተባት አንዲት ምላሰኛ ሴት በሽማግሌ ፊት መሬት ሰጧት። መሬት ከተባለ ነው እንጂ፣ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ የወሰደው፣ እሾህ እንኳ የተጠየፈው ገላጣ ነበር።

ሴትዮዋ ምን ገዷት! ከግራዝማች ራሰ በራ ኮረብታ ያንን ቀዳዳ የበዛበትን ቀይ ድንጋይ እየተሸከመች፣ እየወቀጠች፣ ከፍግ ጋር እየደባለቀች ሦስት ዓመት ሙሉ መሬቷ ላይ በተነችው። ግራዝማች በበቅሎ ባለፉ ቁጥር፣ "አንቺ ድንጋይ ዘሪ! በቀለልሽ ወይ?" እያሉ ይስቁባት ነበር።

በአራተኛው ዓመት የዘራችው ገብስ ደረት ላይ ሲደርስ ሳቁ ቆመ። ግራዝማች ሽማግሌዎቹን አስከትለው ማሳዋ ዳር መጡ።

"መሬቱ ያንቺ ነው፤ የሰጠሁትን አልነጥቅም" አሉ ጢማቸውን እያሻሹ። "ገብሱን ያበቀለው ድንጋይ ግን የኔ ነው። ስለዚህ ገብሱም የኔ ነው!"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የዓመት ቀለቧ ዓይኗ እያየ ሊሄድ ነው። እሷ ግን እጅ ነስታ ፈገግ አለች።

"እንዳሉት ይሁን ጌታዬ። ገብስ የሚያበቅለው ድንጋዩ ከሆነ፣ እኔ የወሰድኩት ከጥጉ ነው፤ ኮረብታው እንዳለ ቀርቶልዎታል" ብላ ማጭዷን አቀበለቻቸው። "በሉ እንግዲህ፣ ሳይረግፍብዎ ቶሎ ኮረብታው ላይ ይውጡና ይጨዱት።"