የአንጓች ሦስት ድንጋዮች

ተረት ላውጋችሁ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሚያንቀላፋም ወደ ጓሮ ይሂድ!

ድሮ ድሮ፣ የእኛ አገር ሰው ከአንድ ወንዝ ጠልፎ በአንድ ቦይ ያጠጣ ነበር። ውሃውን በተራ የሚያካፍል ሰው ይሾማል፤ የውሃ አባት ይባላል። የውሃ አባት የሚሆነውም እንከን የለሽ ሰው ብቻ ነው። ይሄን ቃል እናንተ ዛሬ ለጫማም ለሸሚዝም ትሉታላችሁ። ያን ጊዜ ግን ቃሉ ውድ ነበር፤ ለማንም አይሰጥም።

ወጉ እንዲህ ነው። ለሹመት የታጨው ሰው ዋርካው ሥር ይቆማል። በእሱ የተበደለ ካለ ድንጋይ አምጥቶ እግሩ ሥር ያኖራል፤ በደሉንም ይናገራል።

አንድ ዓመት የውሃ አባቱ አባ ተድላ አረጁና ተተኪ ተፈለገ። ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንደኛው ጌታ ድልነሳ ነው፤ ከቦዩ ራስ ላይ ሰፊ መሬት ያለው፣ ሲያስነጥስ ሰፈሩ የሚደነግጥ ባለጠጋ። ሁለተኛዋ አንጓች ናት፤ ከቦዩ ጭራ ሽንኩርት የምትተክል መበለት። ሴት ናት ብሎ የሚያጉረመርም ካለ አፉን ይያዝ፣ ገና አልጨረስኩም! ድልነሳ ከተሾመ ውሃው ከእሱ ማሳ እንደማያልፍ ሁሉም ያውቃል። የታችኛው ሰው ማሳው ደርቆ አገር ለቆ መሰደዱ ነው።

መጀመሪያ ድልነሳ ቆመ።

አባ ተድላ «የተበደለ አለ?» አሉ። ዝም።

«የተበደለ አለ?» ዝም።

«ኧረ የተበደለ አለ ወይ?» አሁንም ዝም። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ!

ቀጥሎ አንጓች ቆመች። ገና «የተበደለ...» ሲሉ አንዱ ድንጋይ ይዞ ከተፍ አለ።

«ፍየልሽ በርበሬዬን በልታብኛለች!»

«እውነት ነው። ከራሴ መደብ ክሼሃለሁ።»

ሁለተኛው መጣ። «በተራዬ ውሃ ጠልፈሽብኛል!»

«ጠልፌያለሁ። በማግሥቱ የኔን ተራ ለቅቄልሃለሁ።»

ሦስተኛዋ ሴት መጣች። «በልጄ ሠርግ ላይ በሰው ፊት ሰድበሽኛል!»

አንጓች አፈረች። «ይሄንንስ አልካስኩሽም፤ ይሄ አፌ አያርፍም» አለች። ከዚያም እንደ አገራችን ወግ ድንጋዩን አንስታ ማጅራቷ ላይ አድርጋ አጎነበሰች። «ይቅር በይኝ፣ እቴ።»

«ይቅር ለእግዜር!» አለች ሴትዮዋ፤ ድንጋዩንም አወረደችላት።

ድልነሳ ሳቀ። «አያችሁ? የሷ ሦስት፣ የኔ ባዶ! የሹመቱን በትር ወዲህ በሉ!»

አንጓች ቀና አለች። «አባ፣ አንድ ነገር ልለምን። እኔም ጌታ ድልነሳም ፊታችንን ወደ ዋርካው እናዙር። ሰዉ በደሉን ሳይናገር ድንጋዩን እንደገና ያምጣ።»

እምቢ ቢል ፈራ ሊባል ነው። ድልነሳ ዞረ።

ልጆቼ፣ ኳኳታውን መስማት ነበር! መለስ ብለው ሲያዩ ከአንጓች ኋላ አንዲት ጠጠር አልተጨመረችም። ከድልነሳ ኋላ ግን ክምሩ ወገቡ ደርሷል።

አባ ተድላ በትሩን ለአንጓች ሰጡ። «ስሙኝ» አሉ፣ «ሰው ሆኖ የማያጠፋ የለም። እንከን የለሽ የምንለው ጥፋቱን ፊት ለፊት የምንነግረውን፣ ሰምቶም የሚክሰውን ነው። የምንፈራውን ሰውማ መች አወቅነው?»

ድልነሳስ? ክምሩን አይቶ አፈረ፤ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በማጅራቱ እየተሸከመ በየደጁ ይቅርታ ለመነ። ይቅር ያለው ሁሉ ድንጋዩን ወስዶ ወንዙን በምንጠልፍበት ግድብ ላይ አኖረው። ግድቡ እስከ ዛሬ አልፈረሰም። ማሳችን የሚጠጣው ከዚያ ነው።

አንጓች የኔ ቅድመ አያት ናት። አዎ፣ እኮራለሁ! ስትሞት አገሩ ሦስቱን ድንጋዮች መቃብሯ ላይ አኖረላት። ከዚያ የሚበልጥ ሐውልት አላየሁም። እናንተም የሷ ዘር ናችሁና ጥፋታችሁን ሲነግሯችሁ አታኩርፉ፦

የታየ ሽንቁር ይደፈናል፣ የተደበቀ ሽንቁር ቦይ ያፈርሳል።

ተረቴ ማሳ ይግባ፤ ያዳመጠ እሸት ይብላ።