አንለይ ወደ ማን ይሂድ?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ከአንድ ትልቅ ወንዝ አፋፍ ላይ በተቀመጠች የደጋ መንደር አንለይ የሚባል ቀንበር ጠራቢ ይኖር ነበር። እሱ የጠረበው ቀንበር የበሬ ማጅራት አይልጥም ይባልለታል። ዝናብ ሲቃረብ ገበሬው ሁሉ ወደ እሱ ይጎርፋል። ታዲያ ቀንበር ያዘዘ ሁሉ ከሚከፍለው እህል ላይ አንድ ጠርሙስ አረቄ ይጨምርለት ነበር። «በል ጠጣበት፣ እጅህን ያፍታታልሃል» ይሉታል። መጀመሪያ ምርቃት ነበር። እያደር ግን እህሉ ቀርቶ አረቄው ብቻ ክፍያ ሆነ፤ አንለይም አልተቃወመ።

ከዓመታት በኋላ ጠዋት ሲነሳ እጁ እየተንቀጠቀጠ መጥረቢያ አልይዝ ይለው ጀመር። አንድ መለኪያ ሲቀምስ ይረጋል። ሲረጋ ይሠራል፣ ሲሠራ ይከፈለዋል፣ ሲከፈለው ይጠጣል። ሚስቱ የሻረግ ጓዳዋ ባዶ ሲሆንባት እሷም አረቄ እያወጣች መሸጥ ያዘች። አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት እናቷን የምትጦረው እሷው ነበረች። «ሌላ ምን አውቃለሁ?» ትላለች ሲጠይቋት።

መንደርተኛው በአንለይ ይስቅ ነበር። የሚስቅበትም የሚቀዳለትም ግን ያው አንድ ሰው ነበር። «ወዶ ነው፤ ቢፈልግ ይተወው አልነበር?» ይላል አንዱ። «የለም፣ አንድ ነገር ለክፎት ነው፤ ጠበል ይወሰድ» ይላል ሌላው። ደጁ ድረስ ሄዶ፣ አንለይ እንደምን ዋልክ ያለው ግን አልነበረም። አብሮት የሚውል ስንሻው ብቻ ነው። ስንሻው የቀድሞ ወታደር ነው፣ ማገዶ እየፈለጠ የሚያድር፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው። ሁለቱ ወንዙ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው ቃል ሳይለዋወጡ ይጠጣሉ። ለአንለይ ወዳጅነት ማለት ያ ነበር።

እንዲህ ሲኖር እናቱ ሞተች። አስከሬኗ ከቤት ሲወጣ አንለይ ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አስገባ። አንድ ጎረቤት ቀስ ብሎ ክንዱን ያዘው።

«ተው አንለይ፣ ትጥላታለህ» አለው በጆሮው።

ሰውየው በክፋት አላለውም፤ በሐዘኔታ ነው ያለው። አንለይን የሰበረውም ያ ሐዘኔታው ነው። ትከሻውን አውጥቶ ከለቀስተኛው ሁሉ ኋላ ተከተለ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ከቀብር መልስ ሦስት ሰዎች ጠራ፤ ታላቅ ወንድሙን ይርዳውን፣ ሚስቱን የሻረግንና ስንሻውን።

«ከዛሬ ወዲያ አንድ ጠብታ አልቀምስም» አላቸው። «ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ነገ እለምናችኋለሁ። እግራችሁ ላይ እወድቃለሁ፣ እረግማችኋለሁም። ያኔ የሚለምናችሁ እኔ አይደለሁም። እኔ ማለት ይኼ አሁን የምታዩት ነው። እንዳትሰሙኝ። በእናቴ አጥንት ማሉልኝ።»

ሦስቱም ማሉ።

ይርዳው መሐላውን በቁልፍ ጠበቀ። ወንድሙን የእህል ጎጆው ውስጥ አስገብቶ ከውጭ ቆለፈና ጋቢውን ደርቦ በሩ ላይ ተቀመጠ። ጊዜው የእርሻ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በሬ ጠምዶ ሲያርስ የይርዳው በሬዎች ቆመው ዋሉ። «መሬትህ ጦሙን ሊያድር ነው እኮ» ቢሉት፣ «ይደር» አለ።

የሻረግ መሐላዋን በድንጋይ ጠበቀች። ድፍድፉን ውጭ ደፋችው፤ አረቄ የምታወጣባቸውን እንስራዎች ከጓዳ እያወጣች ደጃፏ ላይ ሰባበረቻቸው፤ የሸምበቆውን ቱቦ እሳት ውስጥ ጨመረችው። እናቷ ከአልጋዋ ሆና «ምን ልንበላ ነው ልጄ?» አለቻት። «እንጃ እማዬ» አለች የሻረግ።

ስንሻው ደግሞ ከጓደኛው ራቀ። ካየሁት አልችልም ብሎ ብቻውን ወንዙ ዳር ወረደ። መጠጡን ግን አልተወም።

አንለይ የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብሎ ዋለ። በማግሥቱ ላብ አጠመቀው። የጎጆው ግድግዳ በጉንዳን የተወረረ መሰለው፤ በመዳፉ ቢጠርገው፣ ቢጠርገው አልጠራ አለ። ከጥግ በኩል የእናቱን ድምፅ ሰማ። «አንለይ፣ ከኋላ ቀረህ እኮ» አለችው። ከበሩ ማዶ ወንድሙ ሲያስል፣ ሲቁነጠነጥ ይሰማዋል። በመካከላቸው ያለው አንዲት የሳንቃ በር ናት፤ ግን ያን ያህል ብቻውን የሆነበት ቀን አያስታውስም።

«አያ፣ ክፈትልኝ።»

ይርዳው ቁልፉን በጋቢው ሥር ጨበጠው።

«አያ፣ እየሞትኩ ነው።»

«እንዲህ እንደምትለኝ ራስህ ነግረኸኛል» አለ ይርዳው።

«እማዬ እዚህ ናት። ትጠራኛለች።»

ይርዳው ጋቢውን ጆሮው ላይ ጠቅልሎ አለቀሰ። በሩን ግን አልከፈተም።

ቀትር ሲያልፍ ስንሻው መጣ። በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«አያ ይርዳው፣ ይኼ ልመና አይደለም» አለ። «ጦር ሰፈር ሳለን አንድ ጓዴ እንዲሁ መጠጡን በአንዴ አቆመ። እናቱን ጠራ፤ ከዚያ ተንፈራገጠና ሞተ። እጄ ላይ ነው የሞተው። ትንሽ ይቅመስና ወደ ሐኪም እንውሰደው።»

«ሰካራም ለሰካራም ሊመሰክር ነው? አንተም እኮ ምለሃል።»

«አዎ፣ ምያለሁ» አለ ስንሻው።

ይህን ብሎ ወደ ጎጆው ጀርባ ዞረና የጭቃውን ግድግዳ በመጥረቢያ ይንደው ጀመር። ሲገባ አንለይ መሬት ላይ እየተንፈራገጠ ነበር። ስንሻው ጭንቅላቱን ይዞለት ጠበቀ። መንፈራገጡ ለቀቅ ሲያደርገውና ዐይኑን ሲገልጥ ኮዳውን ከኪሱ አውጥቶ በጥቂት በጥቂቱ አፉ ላይ አደረገለት። ይርዳው በቀዳዳው ገብቶ ይህን አየ። ዱላውን አንሥቶ የስንሻውን ክንድ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙት። ስንሻው ኮዳውን በሌላው እጁ ያዘና ማጠጣቱን ቀጠለ።

አረቄው ጉሮሮውን እያቃጠለ ሲወርድ አንለይ ጉንዳኖቹ ከግድግዳው ሲጠፉ አየ። እናቱም ዝም አለች። ከሞት የመለሰውን ነገር እያወቀ አፈረበት፤ ከሁሉ ያሳፈረው ደግሞ ደስ ያለው መሆኑ ነበር።

ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው የሻረግ ማንንም አልወቀሰችም። «አንሡት!» ብቻ አለች። ይርዳው ዱላውን ጥሎ ጎረቤቶች ያመጡትን ቃሬዛ ከፊት ያዘ፤ እነሱም ተረዳዱት። ስንሻው የተሰበረ ክንዱን አቅፎ ከኋላ ተከተላቸው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አንለይን የመረመረው ሐኪም ነገሩን ከሰማ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። «ይህን ያህል ዘመን የጠጣ ሰው ብቻውን ተዘግቶበት አያቆምም፤ ይሞታል። ሕመም ነው፤ በሐኪም እጅ ነው የሚተወው» አለ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱን አላስችል አለው። «ጌታዬ፣ ሕመም ከሆነ እሺ። ግን ወባ እንደያዘው ሰው ነው እንዴ? መለኪያውን ማን አፉ ላይ አደረገለት? ራሱ አይደለም?»

«ራሱ ነው» አለ ሐኪሙ። «ማን እንደቀዳለት ግን እናንተ ታውቃላችሁ።»

ተሸካሚዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንለይ ተኝቶ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ሕመምተኛ ሲሉት አንድ ነገር ቀለለው፤ ጥፋተኛ ሲሉት ደግሞ አንድ ነገር ከበደው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ግን እሱም አላወቀም።

ከጤና ጣቢያው ወደ ከተማ ሆስፒታል ተላከ፤ ክረምቱን እዚያ ከረመ። ሲሰናበት ሐኪሞቹ አንድ አደራ ሰጡት። «ለጊዜው አረቄ ካለበት ቤት አትደር፣ ከሚጠጣ ሰው ጋር አትዋል። አንዴ ከቀመስክ ወዲያው ወደነበርክበት ትመለሳለህ።»

አዝመራው ሲደርስ አገሩ ገባ። እጁ ረግቷል፣ ፊቱ ጠርቷል። ሰው ሁሉ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» እያለ ሳመው። ግን ሲስሙት ትንፋሹን ያሸቱት ነበር። አንድ ቤት ለድግስ ተጠራ። ድሮ በር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ያን ቀን ከመሀል አስቀመጡት። አስቀመጡትና ጨዋታው ሞተ። ባለቤቱ መለኪያውን በጋቢው ከለለ። ሁሉም እሱን እሱን ያያሉ። አንለይ ነገሩ ገባውና ይጠጡ ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ከጀርባው ሳቁ ሲጀምር ሰማው። ከሚስቱም ደጅ አረቄ ሸተተው። ከዚያ ወዲህ ወደማንም ሳይሄድ ቀንበር ከሚጠርብበት ዳስ ሥር ማደር ጀመረ። ሲጠጣ አንድ ጓደኛ ነበረው፤ ሲተው እሱም የለም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች አስጠሩት። በእናቱ አጥንት የማሉለት ሦስቱም ለየራሳቸው ሊጠይቁት ቀርበው ነበር።

መጀመሪያ ይርዳው ተናገረ። «ወንድሜ፣ ቃልህን ያከበርኩልህ እኔ ነኝ። በሩን ባልዘጋ ሐኪም ቤትም አትደርስም ነበር። አንተን ስጠብቅ፣ ኋላም ሆስፒታል ስመላለስ ማሳዬን ሳላርስ ከረምኩ፤ ዘንድሮ የሚታጨድ የለኝም። ነገ ወንዙን ተሻግሬ የሚስቴ ዘመዶች አገር ልገባ ነው። እዚያ አረቄ የሚሸጥ ቤት የለም፤ የሚያውቅህም፣ የሚያሸትትህም የለም። እጅህ ያስፈልገኛል፤ አብረን እንረስ። ከእኔ ጋር ና።»

ቀጥላ የሻረግ ተናገረች። «ያለኝን ሁሉ ደጄ ላይ ሰብሬልሃለሁ። ክረምቱን እንጨት ተሸክሜ አየሁት፤ አልሆነም። እናቴ ርቧት ስታለቅስ እንስራ ተውሼ እንደገና ጀመርኩ። አልደብቅህም። ከመጣህ ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ፤ በቀንበርህ እንኖራለን። ካልመጣህ ግን ሌላ ምን አውቃለሁ? እናቴን ጥዬ የትም አልሄድም። ባሌ ነህ፣ ወደ ቤትህ ና።»

መጨረሻ ስንሻው ተነሣ። ክንዱ ተጣምሞ ገጥሟል፤ ከእንግዲህ እንጨት አይፈልጥም። ያን ቀን ጠዋትም ጠጥቶ ነበር፤ ሁሉም ሸተታቸው። «አንተ ከሄድክ ወዲህ ወንዙ ዳር ብቻዬን ነኝ» አለ። «እኔም መተው እፈልጋለሁ። ብቻዬን አልችልም። እዚያ ሆስፒታል ውሰደኝ፤ እስኪለቀኝ ድረስ ከጎኔ ሁን። ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።»

«እሱ በራሱ ያመጣው ነው!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«አንለይስ?» አለች አንዲት ሴት።

ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ። አንዱ «ሰው የሚጠየቀው በጤናው በተናገረው ነው፤ ያን ቃል የጠበቀው ይርዳው ነው» አለ። ሌላው «ይርዳው ቃሉን ሲጠብቅ ሰውየውን ሊያጣው ነበር፤ ነፍሱን ያተረፈው መሐላውን ያፈረሰው ስንሻው ነው» አለ። ሦስተኛው «ሁለቱም የሰጡት የራሳቸውን ነው፤ የሻረግ የሰበረችው የእናቷን እንጀራ ነው» አለ። አራተኛው አዛውንት ደግሞ «ከስንሻው ጋር ሄዶ ቢወድቅስ? የሦስቱም ድካም ከንቱ ሊቀር አይደለም?» ብሎ ጠየቀ። «ሳይሄድ ቀርቶ ስንሻው ቢሞትስ?» ብለው መለሱለት።

አንለይ ከመካከላቸው ቆሟል። የሁሉም ዐይን እሱ ላይ ነው፤ ሆኖም በልቡ ያለውን የጠየቀው የለም። ወንድሙ በስተቀኝ ጓዙን ይዞ ቆሟል፤ ሚስቱ በስተግራ መሬት መሬት ታያለች፤ ስንሻው ከሰው ተነጥሎ አጥሩን ተደግፏል። ነገ ይርዳው ይሻገራል። ዛሬ ማታ የየሻረግ እንስራ እሳት ላይ ይጣዳል ወይም ይመለሳል። ስንሻውም ነገ ይህን ድፍረት ያገኝ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

የሰማችሁ ሁሉ እናንተው ፍረዱ። በማለው ቃል የጸና ወንድም፣ እንጀራዋን የሰበረች ሚስት፣ መሐላውን አፍርሶ ነፍሱን ያተረፈ ወዳጅ፤ ከሦስቱ አንለይ የሚገባው ለማን ነው?