ዘጠኝ ጊዜ ማሽላ

አንድ ሸምገል ያሉ የጦር ዕቃ መርማሪ ነበሩ፤ ባሻ ገብረየስ ይባላሉ። አገራቸው ሐይቅ ዳር ናት፤ እስከ ቀትር ድረስ ጉም አይለቃትም። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ “እባካችሁ መሐላችን ቁሙልን” እየተባለ፣ ጦሯ ለሰላም ማስከበር ወደ ሰው አገር ይጠራል። ታዲያ ጦሩ ከመውጣቱ በፊት ዕቃው ሁሉ በባሻ እጅ ማለፍ አለበት፤ ብረት ቆቡ፣ የውሃ ማጣሪያው፣ ትርፍ ጎማው፣ ቁስል ማሰሪያው ሳይቀር። የባሻ ማኅተም ካላረፈበት አንዲት ቁልፍ እንኳ ድንበር አትሻገርም።

የራዲዮውን ፈተና ያወጡት ደግሞ ራሳቸው ባሻ ናቸው። ራዲዮ ያዦቹ ሰፈሩ ውስጥ ይቀመጣሉ። አንድ ወታደር ከኮረብታው ጀርባ ሄዶ በራዲዮ አንድ ቃል ይናገራል፤ እነሱም የሰሙትን በወረቀት ይጽፋሉ። ቃሉ ከተገኘ ራዲዮው አለፈ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ “ምን ይባል?” ተብለው ሲጠየቁ፣ ባሻ ፊት ለፊታቸው ያለውን ማሳ አይተው “ማሽላ” አሉ። በሁለተኛው ዓመትም ማሽላ ተባለ። በሃያኛውም ያው ማሽላ። አይ ልማድ! ማሳው ላይ ቤት ከተሠራበት ስንት ዘመኑ፤ ቃሉን ግን የነቀለው የለም።

በዚያ ዓመት ሩቅ በረሃ ውስጥ ላለ ሕዝብ ጦር ተጠራ። አሥራ ሁለት ራዲዮ ተፈተነ፤ አሥራ ሁለቱም ወረቀት ላይ “ማሽላ” ተጽፎ መጣ። ባሻ ደስ ብሏቸው ማኅተማቸውን አሳረፉ። በማግስቱ ጦሩ ሊሸኝ ሲሰናዳ፣ እሳቸው ግምጃ ቤቱ ደጃፍ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጉሙን እያዩ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው።

ጉሙ አሸዋ ሆነ። አንዲት ሴት አሸዋው ላይ ቆማለች፤ ጦሩ “ክፉ ቀን ሲመጣ ጥሩን” ብሎ የሰጣትን ራዲዮ ይዛለች። “ችቦ ይዘው መጡ፣ ድረሱልን!” ትላለች።

ራዲዮው “ማሽላ” ይላታል።

“ኧረ ልጆቼን ጉድጓድ ውስጥ ደብቄያቸዋለሁ! ኧረ በፈጠራችሁ!”

“ማሽላ።”

ሴትዮዋ ዞር ብላ ባሻን አየቻቸው። አልተቆጣችም፤ የሚያሳዝነውም እሱ ነው። “አባባ፣ ራዲዮው ላይ ያለው ማኅተም የእርስዎ አይደለም? እኔ የምጣራውን ቃል አንድ ቀን እንኳ ፈትነውት ያውቃሉ?” አለቻቸው። ባሻ ይቅርታ ሊጠይቋት አፋቸውን ከፈቱ። ከአፋቸው የወጣው ግን “ማሽላ” ነበር።

በድንጋጤ ባነኑ። ሰልፈኛው ቆሟል፣ ነጋሪት ይጎሰማል፣ መኪኖቹ ሞተር አስነስተዋል። ባሻ እየተንገዳገዱ የጦሩ አዛዥ ኮሎኔል ፊት ቆሙ።

“ኮሎኔል፣ ራዲዮው እንደገና ይፈተን።”

“ምነው ባሻ! ትናንት ራስዎ አትመው ዛሬ ራስዎ ሊያፈርሱት? ይህ ሁሉ ሕዝብ ወጥቶ! ምን ይባላል?”

“ገብረየስ ጃጀ ይባላ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ጌታዬ። ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ።”

ህልም አየሁ ለማለት ግን አፈሩ። ኮረብታውን ራሳቸው ወጡ፤ ከጀርባው ሆነው በራዲዮ ተናገሩና ተመለሱ። ወረቀቱን ኮሎኔሉ በእጁ ሰበሰበ። ሦስቱ ላይ “ችቦ ይዘው መጡ፣ ድረሱልን” ይላል። ዘጠኙ ላይ “ማሽላ” ይላል። ሃምሳ አለቃ እንዳለማው የሚባለው ራዲዮ ያዥማ አሳምሮ ጽፎ ከሥሩ አስምሮበታል።

ነጋሪቱ ዝም አለ።

“አንተ፣ ምንድነው የሰማኸው?” አለው ኮሎኔሉ።

“እውነቱን ልናገር ጌታዬ? ሽሽሽ ይላል እንጂ ምንም አልሰማሁም። ግን ሁልጊዜ ማሽላ ስለሆነ...”

“አምናስ?”

እንዳለማው አንገቱን ደፋ። “አምናም ጌታዬ።”

ባሻ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። “ልጁን አትቆጡት። ሳይሰሙ መመለስን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ” ብለው አለቀሱ።

ጉዞው በሦስት ሳምንት ዘገየ። የተበላሸው ተጠገነ፤ ራዲዮ ያዦቹ በየኮረብታው ጀርባ ሲለማመዱ ሰነበቱ፤ በየቀኑ ማንም አስቀድሞ የማያውቀው ቃል ይላክ ነበር። የከተማው ሰው ግን መች ይምራል! ባሻን “ባሻ ማሽላ” ብሎ ስም አወጣላቸው፤ ገበያ ሲወጡ ሕፃን ሳይቀር ይጠራቸው ነበር። እሳቸውም “አቤት” ይላሉ።

ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ ጦሩ ተመለሰ። እንዳለማው ቀጥታ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄዶ የባሻን ጉልበት ሳመ።

“አንድ ማለዳ የሴት ድምፅ መጣልኝ ባሻ። ‘ችቦ ይዘው መጡ፣ ድረሱልን’ አለች። እርስዎ ኮረብታው ላይ ያሉትን፣ ቃል በቃል። ደረስንላት። ልጆቿን ከጉድጓድ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።”

“ተመስገን! ተመስገን ልጄ!”

“ስንለያይ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ እስካሁን አልገባኝም። ‘በርጩማ ላይ የሚያንቀላፉት ሽማግሌ ደህና ናቸው ወይ?’ አለችኝ።”

ባሻ ድሮ ማሽላው ወደነበረበት፣ ወደ ጉሙ አሻግረው አዩ።

ወዳጆቼ፣ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ፈተና ፈታኙንም ተፈታኙንም ያስደስታል። ዕዳውን የሚከፍለው በፈተናው ቀን ያልነበረው ሰው ነው። እኛም በየሥራችን “ተመርምሯል፣ አልፏል” ብለን ማኅተም የምናሳርፍበት ነገር አለን፤ እሱን አምኖ ልጆቹን ይዞ የተቀመጠ ሰውም አንድ ቦታ አለ። ዛሬ ቢጣራ እንሰማው ይሆን፣ ወይስ ማሽላ እንለው ይሆን?