የአቶ ደግፌ እንግሊዝኛ

አንድ አባት በሐዋሳ ከተማ ይኖሩ ነበር። አቶ ደግፌ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ከውጭ አገር መሐንዲሶች ጋር በመንገድ ሥራ ላይ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ እንግሊዝኛን የለመዱትም እዚያው አቧራው መሀል ነው። ልጃቸው ኤልዳና ሕፃን ሳለች ሚስታቸው ስላረፈች ለብቻቸው አሳደጓት። ኤልዳና ተምራ አዲስ አበባ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች። እንግሊዝኛ ስትናገር የየት አገር ሰው እንደሆነች ስለማይታወቅ ባልደረቦቿ ይደነቁባት ነበር፤ እሷም በዚህ ትኮራለች።

ኋላም ሉክ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር ተዋደዱና ለመጋባት ወሰኑ። ሠርጉም ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ሊደረግ ተቆረጠ።

ሠርጉ ሲቃረብ አቶ ደግፌ ልጃቸውን ሳሎን አስቀመጧት፤ ኮታቸውን ቆልፈው ፊቷ ቆሙ።

«ምርቃቴን በእንግሊዝኛ ላደርገው ነው። ሰዎቹ ያን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው ከኔ ከአባትሽ አንድ ቃል ሳይገባቸው አይመለሱም። እስቲ ስሚኝ» አሉና ጀመሩ። «ዚስ ኢዝ ማይ ዶተር...»

እንግሊዞች ምላሳቸውን በጥርሳቸው መሀል አሾልከው የሚያወጡትን ድምፅ አቶ ደግፌ ድርቅ ባለ «ዘ» አሉት። ኤልዳና የሉክ ዘመዶች እርስ በርስ ሲተያዩ በዓይነ ሕሊናዋ ታዩዋት፤ ፊቷ ጋለ።

«አባዬ፣ በአማርኛ ብትመርቀን አይሻልም? አስተርጓሚ አዘጋጃለሁ።»

«ለምን? ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልተሳሳትክም። አነጋገርህ ግን... ይከብዳቸዋል።»

አቶ ደግፌ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ። «እሺ ልጄ፣ አንቺ እንዳልሽ ይሁን» ብለው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ቅር እንዳላቸው ኤልዳና አልጠፋትም። ቢሆንም በሠርጓ ቀን ከመሸማቀቅ ይሄ ይሻላል ብላ ራሷን አጽናናች።

የሠርጉ ዕለት መጀመሪያ የተናገሩት የሉክ እናት ማዳም ሲልቪ ነበሩ። ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ዚስ ኢዝ ማይ ሳን» ብለው ጀመሩ። እንግሊዝኛቸው ብዙ ቦታ ላይ ይሰናከላል፤ ቃል ሲጠፋቸው በፈረንሳይኛ ይሞሉታል። አዳራሹ ግን በፈገግታ ይከተላቸው ነበር። ኤልዳናም በደስታ እንባ እንባ እያላት ወደ ሚዜዋ ወደ ሰናይት ጠጋ አለች።

«እንዴት ደስ የሚል አነጋገር ነው! ‹ዚስ› ሲሉ ሰማሻቸው? ሙዚቃ እኮ ነው!»

ሰናይት ከልጅነቷ ጀምሮ እነ ኤልዳና ቤት እየገባች እየወጣች ያደገች ናት። «አባባ ደግፌም እኮ ‹ዚስ› ነው የሚሉት» አለቻት እየሳቀች። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያው የታወሳትን መናገሯ ነው።

የኤልዳና ፈገግታ ከፊቷ ጠፋ። የአማቷን «ዚስ» እና የአባቷን «ዚስ» በልቧ ጎን ለጎን አድርጋ ሰማቻቸው። ልዩነት ፈለገች፤ አጣች። ታዲያ አንዱን ሙዚቃ፣ ሌላውን ኀፍረት ያደረገው ምን ነበር?

በዚህ መሀል የመድረኩ መሪ የሙሽሪትን አባት ጠራ። አስተርጓሚውም አጠገባቸው ሊቆም ተነሣ። ኤልዳና ቬሎዋን በእጇ ሰብስባ ቀደመችውና ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አባዬ፣ በእንግሊዝኛው አድርገው።»

«ይከብዳቸዋል አላልሽም?»

«የከበደው ለኔ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።»

አቶ ደግፌ ወደ እንግዶቹ ዞረው በእንግሊዝኛቸው ጀመሩ። ኤልዳና ትንሽ ሳለች ነጎድጓድ በጣም ትፈራ እንደነበር፣ እሳቸውም «አይዞሽ፣ ከባድ መኪና እያለፈ ነው» እያሉ ያስተኟት እንደነበር ነገሯቸው። «እናንተ አገር መጥታ ሰማዩ ሲያጉረመርም ብትፈራ፣ መኪና ነው በሏት። ታምናችኋለች» አሉ። መጀመሪያ ላይ አንዳንዱ እንግዳ አንገቱን አስግጎ ሰማ፤ አንዱ የሉክ አጎትም አጠገባቸው የተቀመጠውን «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። ጥቂት ሲቆዩ ግን ጆሯቸው ለመደው። ኤልዳናም ብትሆን አንድ ሁለት ቃል ላይ ደንገጥ ማለቷ አልቀረም። በኋላ ግን ቃሉን መቁጠር ትታ አባቷን መስማት ጀመረች።

ማዳም ሲልቪ እንባቸውን እየጠረጉ መጥተው አቶ ደግፌን ሳሟቸው። ራት ላይም ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቃል ሲጠፋቸው በእጃቸው እያሳዩ፣ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩና ሲሳሳቁ አመሹ። ኤልዳና ከሩቅ እያየቻቸው፣ በሠርጓ ቀን ካየችው ሁሉ አብልጣ ይህን ወደደችው።

ወዳጆቼ፣ ጆሯችን ሰው ከመናገሩ በፊት ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። የምናከብረው አገር ሰው ሲሰናከል ለዛ አለው እንላለን፤ የራሳችን ሰው በዚያው ቃል ሲሰናከል እናፍርበታለን። ቃሉ ያው ነው፤ ያበላለጥነው እኛ ነን። በአነጋገሩ ምክንያት ዝም ያሰኘነው ሰው ካለ፣ ሊነግረን የነበረውን ሳንሰማ መቅረታችን ጉዳቱ የኛም ነው።

እናንተስ፣ አፉን ሲከፍት አንገታችሁን የምትደፉበት ሰው ማነው? እስከ መጨረሻው ሰምታችሁት ታውቃላችሁ?