የዘበኛው ጀርባ

ተረት ተረት፣ የሾላ ጥላ ያለበት።

በዚያ በደጉ ዘመን ዝንጀሮዎችና ጉሬዛዎች ከአንድ ሾላ ይበሉ ነበር። ሲጠግቡም ፀሐይ እየሞቁ አንዱ የሌላውን ጀርባ ያክ ነበር።

አንድ ቀን የዝንጀሮዎቹ አለቃ ሾላውን ለብቻው ተመኘ። ወገኖቹ ግን ጀርባችንን ካከኩልን ጋር አንዋጋም አሉት። እሱም ዘበኛውን ጠርቶ፣ «ሂድና ጉሬዛዎቹ ልጆቻቸውን ካስተኙበት ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጥ» አለው።

«ጌታዬ፣ ልጆቻችንን ሊወስድ መጣ ብለው ይነክሱኛል።»

«እሱን አላጣሁትም» አለ አለቃው።

ዘበኛው ሄዶ ተቀመጠ። ዘወትር ጀርባውን የምታክለት እናት ጉሬዛ፣ «ወንድሜ፣ ምነው? ውረድልኝ እንጂ» ብላ ለመነችው። አልወርድ ሲላት ጆሮውን ነከሰችው።

አለቃው የደማውን ጆሮ ለወገኖቹ እያሳየ፣ «ሳንነካቸው ነኩን» አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ለጦርነት ተነሣ።

ዛሬ ሾላው የአለቃው ነው፤ ጉሬዛዎቹም የሉም። የዘበኛው ጆሮ ድኗል። ልጆች ማን ነከሰህ ሲሉት «ጠላት» ይላል። ጀርባውን ሲበላው ግን ከሾላው ግንድ ጋር ይታከካል፤ ያቺ ጉሬዛ የምታውቃትን ቦታ ግንዱ እስካሁን አላገኛትም።

ተረቴን የሰማ፣ ጀርባውን የሚያክለት አይጣ።