በሰው እግር የተለካ ጥላ

አንድ ሰው ነበረ፤ ረጅም፣ በጣም ረጅም። መምህር አድማሱ ለተማሪያቸው ለወይንሸት መልስ መስጠት የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። ጥያቄዋ ቀላል አልነበረም፦ «መምህር፣ ተራራ ላይ ያለው ሰዓት ቆላ ካለው ሰዓት ትንሽ ትንሽ እየቀደመ ይሄዳል ብለውናል። ታዲያ ሁለቱም ብርሃንን ሲለኩ እንዴት አንድ ዓይነት ፍጥነት ያገኛሉ? አንዱማ ሳይዋሽ አይቀርም።» መምህሩ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ቀጠሉ።

ረጅሙ ሰው ሀብታም ነበረ። ሴት ልጁን ለአንድ ገበሬ ልጅ ሊድር ቀን ቆረጠ። ገበሬው ደግሞ አጭር ነው፤ አናቱ ከሀብታሙ ደረት አያልፍም።

በዚያ ዘመን ሰዓት የሚታወቀው በጥላ ነው። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ የጥላው ጫፍ ያረፈበት ላይ ጠጠር ያስቀምጣል፤ ከዚያ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያስነካ በገዛ እግሩ ይለካዋል። ሽማግሌዎቹም «ከቀትር በኋላ ጥላ ስምንት ጫማ ሲሆን ሙሽራው ይግባ» ብለው ተስማሙ።

ሀብታሙ ግን የገበሬውን እግር አየና ሳቀ። «ይቺም እግር ሆና? በዚች ከለካ ስምንት ቶሎ ይሞላለትና ወጡ ሳይበስል ከች ይልብኛል» አለ። ስለዚህ የራሱን እግር የሚያህል ሸምበቆ አስቆርጦ ላከለት። «በዚህ ይለካ። ስምንት ካለፈ ግን በሬን እዘጋለሁ፤ ልጄንም አልሰጥም» ብሎ በሽማግሌ ፊት ማለ። የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም።

የሠርጉ ቀን ገበሬው ልጁንና አጃቢዎቹን ይዞ ቀድሞ ደረሰና ከሀብታሙ ቤት በታች ካለው ጅረት ማዶ አረፈ፤ ከሰዓቱ ቀድሞ መግባት ነውር ነዋ። ከበሮው ይሰማል፤ የወጡ ሽታ ያውዳል። ገበሬው ጥላውን በሸምበቆው ለካ፤ ስድስት። ልቡ አላምን ቢለው በእግሩ ለካው፤ ዘጠኝ። ግራ ገባው።

«አባዬ፣ እንሂድ እንጂ፤ ሰዓቱ አልፏል» አለው ሙሽራው።

«ተው ልጄ፤ የኔ እግር ምን እግር ነው ብለህ? ይሄ የትልቅ ሰው ልክ ነው። ብንቀድም ይንቁናል።»

እንዲህ አለና እግሩን በጋቢው ሸፈነ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለችው እግሩ ያን ቀን አሳፈረችው።

ሀብታሙ ግቢው ውስጥ ወጣ ገባ እያለ በእግሩ ይለካል። ስምንት ሆነ፤ ዘጠኝ ሆነ። ዐሥራ አንድ ላይ ዓይኑ ደም መሰለና በሩን ዘጋ። ሙሽራይቱ ጓዳ ሆና ትንሰቀሰቅ ጀመር።

እነገበሬው እየዘፈኑ ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል። ሀብታሙ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ «ተመለሱ፤ ጥላው ዐሥራ ሁለት ሆኗል» አላቸው። ዘፈኑ ተቋረጠ። ገበሬው የልጁን ፊት አየና ወደ አጥሩ ጠጋ አለ።

«ጌታው፣ በላኩልኝ ሸምበቆ ነው የጠበቅሁት። እስቲ ይውጡና በሰው ፊት አብረን እንለካ» አለ።

ሀብታሙ ወጣ። ጥላውን በእግሩ ለካ፤ ዐሥራ ሁለት። ገበሬው የራሱን ጥላ በሸምበቆው ለካ፤ ስምንት። ሰዉ አጉረመረመ፤ አንዱ ዋሽቷል ተባለ። ያን ጊዜ ገበሬው ሸምበቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ጫማውን አወለቀና ያቺን ትንሽ እግሩን ሁሉም እያየው ጥላው ላይ አሳረፋት። ሽማግሌዎቹ ጮክ ብለው ቆጠሩለት፤ ዐሥራ ሁለት።

ሀብታሙ የራሱን እግር አየ፤ የገበሬውን እግር አየ፤ ከዚያ አጥሩን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። «ለካ እግሩ ቢያጥር ጥላውም አጭር ነው! እግሬን በሰው ጥላ ላይ ልኬ ልጄን ላስቀራት ነበር» አለ።

«መሐላውስ?» አለው አንድ ሽማግሌ።

«በኔ ሸምበቆ ገና ስምንት ነው» አለና በሩን በገዛ እጁ ከፈተው። እልልታው ቀለጠ። ሁለቱ አባቶች፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ አንዱ ተንጠራርቶ፣ ተቃቅፈው እየጨፈሩ ገቡ፤ ከገበሬው እኩል በእግሩ መሬቱን የደበደበ አልነበረም።

መምህር አድማሱ ይህን ብለው ወደ ወይንሸት ዞሩ።

«የተራራው ሰዓት የረጅሙ ሰው እግር ነው፤ የቆላው ሰዓት የአጭሩ ሰው እግር፤ ብርሃኑ ደግሞ ጥላው። ተራራ ላይ ያለው ሰው አጠገቡ የሚያልፈውን ብርሃን በገዛ ሰዓቱ ቢለካ፣ ቆላ ያለውም እንዲሁ በገዛ ሰዓቱ ቢለካ፣ ሁለቱም ያንኑ ቁጥር ያገኛሉ። የቆላውን ብርሃን በተራራው ሰዓት ከለካሽው ግን ቀርፈፍ ብሎ ታገኚዋለሽ፤ የገበሬው ጥላ በሸምበቆው እንዳነሰው። ብርሃኑ አልሰነፈም፤ ሰዓቶቹም አልዋሹም። እንግዲህ ልጄ፣ ሁለት ሰዎች ሲለያዩብሽ አንዱን ውሸታም ከማለትሽ በፊት ማን በማን እግር እንደለካ ጠይቂ። ስንት በር በከንቱ ይዘጋል መሰለሽ።»