ከባዱ ምስጠራና አሮጌው ስልክ

በአንድ ጤና ቢሮ ምላሷ የሰላ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። የገጠር ነርሶች በአሮጌ ስልኮቻቸው የሚልኩትን የበሽተኞች ምስጢር ያለ ይለፍ ቃል እንዳይነበብ የሚቆልፍ፣ በጥንካሬ ስልክ ከሚያጨናንቀው ከባዱ ዘዴ ሳያንስ ለስልኩ የሚቀል የምስጠራ ዘዴ መረጠች። ኃላፊው አቶ ምንውየለት ግን በስብሰባ ላይ «የሚቀል» የሚለውን ሲሰሙ፣ ደካማ ማለት መስሏቸው በተሰብሳቢው ፊት ተቆጡ።

«ከሁሉም ከባዱን ጫኚ፤ አለዚያ ሥራሽን ልቀቂ።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከባዱን በአንድ አሮጌ ስልክ ጫነች፤ የአንድ በሽተኛ መዝገብም ቆልፋበት ከነይለፍ ቃሉ ሰጠቻቸው። ሊከፍቱት ግማሽ ሰዓት ታገሉ። ስልኩ ጋለ፤ የበሽተኛው መዝገብ ግን አልከፈት አለ። ላባቸውን እየጠረጉ፣ ላለመሸነፍ፣ «ቢሆንም ይህን ሌባ አይከፍተውም» አሉ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አለች። «ሌባው አይከፍተውም፣ ነርሷም አትከፍተውም፤ በሽተኛውም ምስጢሩ ሳይወጣ በሰላም ይቀበራል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ምንውየለትም ሳቃቸው አመለጣቸውና ቀላሉ ዘዴ እንዲጫን ፈረሙ።